ሰንሰለት ወይስ ኬብል?

ስለ እግዚአብሔር መኖር የሚከራከሩ ሰዎች፣ አማኙም ሆነ የማያምነው፣ ሳይታወቃቸው በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ማስረጃ ለሁለቱም ሰንሰለት ነው፣ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ የተንጠለጠለው ሁሉ ይወድቃል። ስለዚህ አማኙ አንድ የማይረታ መከራከሪያ ሲፈልግ ይኖራል፤ ባለጋራው ደግሞ ያንን አንዱን ከሰበረ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ፐርስ እ.ኤ.አ. በ1868 የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የዴካርትን የአስተሳሰብ መንገድ ሲተች ይህን ልማድ ነቅፏል። ለእሱ የአስተሳሰባችን አምሳያ ኬብል ነው፤ እያንዳንዱ ክር ቀጭን ቢሆንም ክሮቹ ከበዙና በደንብ ከተያያዙ ሸክሙን ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ለሚል ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የዓለም መኖር፣ የተፈጥሮ ሥርዓት፣ የሕሊና ድምፅ፣ የጸሎት ሰዎች ምስክርነት ለየብቻቸው አያስገድዱም፤ አንድ ላይ ሲመዘኑ ግን ሚዛን ይደፋሉ የሚለው አቋም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። እኔም ከሰንሰለቱ ይልቅ ይህ ያሳምነኛል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ አንቶኒ ፍሉ አንድ የሚያፈስ ባልዲ ውኃ ካልያዘ ዐሥር የሚያፈሱ ባልዲዎችም አይዙም ብሎ ተቃውሟል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የተበጠሰ ክር ምንም አይሸከምም፣ ሐሰት የሆነ መከራከሪያም እንዲሁ። ደካማ ክር ግን ከተበጠሰ ክር ይለያል፤ ጥቂትም ቢሆን ይሸከማል። ፍሉ ደካማውንና ሐሰቱን አንድ አደረጋቸው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እሱን የሚያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1883 የተከፈተው የኒው ዮርኩ ብሩክሊን ድልድይ ነው። ድልድዩን ከተሸከሙት አራት ኬብሎች እያንዳንዱ ጎን ለጎን የታሰሩ ከ5,000 በላይ ሽቦዎች አሉት። ግንባታው ላይ ሳለ ሽቦ አቅራቢው ሲያጭበረብር ተደረሰበት። ተፈትሾ ያለፈው ደህና ሽቦ መንገድ ላይ ውድቅ በተደረገው ይለወጣል፤ ደህናው ተመልሶ እንደ አዲስ ይፈተሻል። ተቆጣጣሪው ብዙ ጥቅል ያየ ይመስለዋል እንጂ የሚያየው ያንኑ ጥቅል ደጋግሞ ነው። መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ኬብሎቹ ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ጥንካሬ ታስቦላቸው ስለነበር መጥፎው ሽቦ እንዳለ እንዲቀር ፈቀደ፤ በየኬብሉ ግን 150 ያህል ደህና ሽቦ አስጨመረ። በእምነት ጉዳይም አደጋው ይኸው ነው። አንድ ተአምር መቶ ሰው ቢያወራው፣ መቶውም የሰሙት ከአንድ አፍ ከሆነ፣ ያለን አንድ ክር ነው። የማያምኑትም ከዚህ አያመልጡም፤ ዐሥር መጻሕፍት አንድ ያልተመረመረ ግምት ቢደጋግሙ ዐሥር ማስረጃ አይሆኑም። የንጹሓን ሥቃይን የመሰለ፣ በራሱ የቆመ ጠንካራ ክር በእጃቸው እንዳለ ግን አልክድም፤ ይህን አቃልሎ የሚያልፍ አማኝ ኬብሉን አያጠነክርም፤ ልቡን ነው የሚያደነድነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ክርክርዎ ስንት ሰው ይህን ይላል ብለው ከመቁጠርዎ በፊት፣ እነዚህ ሰዎች ነገሩን ከየት አገኙት ብለው ይጠይቁ፤ ከራስዎ ወገን ቢጀምሩ ደግሞ የተሻለ ነው።