መብራቱን ከመግዛትሽ በፊት

አብሽሪ ልጄ። የቆዳ ሊምፎማ ካንሰር ነው፤ አልዋሽሽም። ግን አንቺን የያዘሽ ማይኮሲስ ፈንጎይድስ የሚባለው ዓይነት አዝጋሚ ነው፤ ገና ጠፍጣፋ ሽፍታ ሳለ ከተደረሰበት ብዙ ሰው ዕድሜውን ይኖራል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እዚያ ጅዳ ክፍል የሚጋሩሽ ልጆች፣ ለምጽ ነው የሚለው ወሬ ሳይቀድምሽ፣ ይህን ካንቺው አፍ ይስሙ።

ወሬው መነሻ አለው። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በሽታው ነጣ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ያውም ፀሐይ በማያገኘው በዳሌ፣ በመቀመጫ፣ በጡት አካባቢ። ስለዚህ ሰው ቋቁቻ ነው እያለ ዓመታት ቅባት ሲቀባ ይከርማል። ገበያ ላይ ያለው የማንጫ ክሬም ደግሞ ስቴሮይድ ካለበት ሽፍታውን ለጊዜው ያደበዝዘዋል፣ የናሙና ምርመራውንም ሊያሳስት ይችላል። የተቀባሽውን ሁሉ ከነማሸጊያው ለሐኪሙ አሳዪው።

የታዘዘልሽን የብርሃን ሕክምና ቤቴ መብራት ገዝቼ ልውሰድ ያልሽበት ምክንያት ይገባኛል። ክሊኒክ ለመመላለስ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ለወራት፣ አሠሪ ማስፈቀድና የታክሲ መክፈል፣ እዚያ ደርሰሽ ግን መብራቱ ሥር የምትቆሚው ለአፍታ ነው። ናሮውባንድ ዩቪቢ የሚሉት፣ 311 ናኖሜትር ገደማ ያለው ብርሃን ቤትም ሆነ ክሊኒክ ያው ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ቤታቸው የሚታከሙም አሉ። እኔ ግን፣ ቢያንስ ቆዳሽ እስኪጠራ፣ ክሊኒኩን እመርጥልሻለሁ። ዋናው ጉዳይ መጠኑ ነው። ነርሷ በትንሹ ትጀምራለች፤ አቃጠለሽ ወይ ብላ ትጠይቅሽና ትጨምራለች። ሰንብተሽ ከመጣሽ መልሳ ትቀንሳለች። ቤት ውስጥ ብቻውን የሆነ ሰው ግን የቀረበትን ለማካካስ ይጨምራል፣ ሲቃጠል እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ሽፍታው ወፍሮ ማበጥ ሲጀምር ማን ያይለታል? ክኒን ተውጦ የሚሰጠው፣ ፑቫ የሚባለው ሌላ የብርሃን ሕክምና ለወፈረው ሽፍታ ይሻላል፤ እሱን ቤት ውስጥ አታስቢው። ክኒኑን የዋጠ ቀኑን ሙሉ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መነጽር ማድረግና ከፀሐይ መሸሽ አለበት፤ ጅዳ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሱቅ ያገኘሽውን መብራትማ እንዳትነኪው። ጀርም መግደያው 254 ናኖሜትር መብራት ላላወቀ ሰው ያው ይመስላል፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ደግሞስ ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ጅዳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ያየ ሰው፣ ቁም ሣጥን የሚያክል የሕክምና መብራት ወዴት ይዞ ይዞራል?

ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ማለቴ ነው፣ ሳያልቅ ሕክምናውን ጀምሪው። ክሊኒክ ስትገቢ የዓይን መከላከያ መነጽሩን ሳታደርጊ መብራት እንዳይበራ። የናሙናውን ውጤትና እስካሁን የወሰድሽው መጠን የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቂ። በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ወገን ከሳዑዲ ሲመለስ ብዙው ባዶ እጁን ነበር። አንቺም አገር ከገባሽ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ሂጂ፤ ወረቀቱ ካለሽ ሐኪሙ ከምን እንደሚነሣ ያውቃል። ወረቀቱን ፎቶ አንሺና በዚያው ቀን ለእናትሽ ላኪላት፤ ስልክ ይጠፋል።