ሠሪው ስለ ሥራው ይጠየቃልን?

አንባቢ ሆይ፤ እውቀት ከእግዚአብሔር የተሰጠ መልካም ስጦታ እንደ ሆነ የሚክድ የለም። ነገር ግን ባለ እውቀት እጁ የሠራችው ነገር ሰውን ባጠፋ ጊዜ፥ «እኔ ሠራሁ እንጂ አልተኮስሁም» ብሎ ነጻ ሊወጣ ይችላልን? ይህ ጥያቄ ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም፤ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት አስቀድሞ ተጠይቋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ሥራ አዋቂዎችን ሰብስበው ነበር። ከእነርሱም እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉት፥ በስዊስ አገር ከቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ቤት የመጡና ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር እንዲያስተምሩ የተላኩ ነበሩ። ንጉሡ ግን ከሁሉ ይልቅ መድፍ ፈለጉ። ሠራተኞቹ እንደማያውቁበት ቢናገሩም ግድ አሏቸው፤ እነርሱም ሞከሩ፥ ከሸፈባቸው፥ ደግመው ሞከሩ፥ ሆነላቸው። በመጨረሻም 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አቅልጠው አወጡ።

ንጉሡ እውቀትን ለአገራቸው መሻታቸው ነውር አይደለም፤ ቱርክና ግብጽ በድንበራቸው ቆመው ነበርና። ነገር ግን የመድፉን ፍጻሜ ተመልከት። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ሕዝቡም ያን ብረት እየጎተተ፥ በበሽሎ ገደል መንገድ እየቈፈረ፥ ስድስት ወር ያህል ደክሞ መቅደላ አደረሰው። ሚያዝያ 3 ቀን የእንግሊዝ ጦር በአሮጌ ድል አደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ተጋድሞ ይታያል። ያ ሁሉ ጥበብና ያ ሁሉ የድሃ ጉልበት ማንን አዳነ?

የጋፋት ሰዎች ግን በንጉሥ እጅ ነበሩና ፍርዳችን ይለዝብ። ተገድዶ የሠራና ወድዶ የሠራ እኩል አይደሉምና። ወድዶ ስለ ሠራው ደግሞ የጀርመኑን ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበርን እናስተውል። እርሱ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ የማዳበሪያ መነሻ የሚሆነውን አሞኒያ የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ፤ በዚህም እጅግ ብዙ ሰው እንጀራ በላ፥ የ1918ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይኸው ሰው ግን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 በኢፕር የጦር ሜዳ የክሎሪን መርዝ ሲለቀቅ ሥራውን ቆሞ መራ። አንድ አእምሮ መጋቢም ገዳይም ሆነ። የመርዝ ጢስም ነገር እየከፋ ሄዶ፥ በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ የ1925ቱን የጄኔቫ ውል ፈርማ ሳለች፥ በአውሮፕላን በአገራችን ወታደርና ባላገር ላይ አዘነበችው። ያን መርዝ በብልቃጥ የቀመመው ኬሚስት የኢትዮጵያን ተራራ አላየም ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የሥራው ፍሬ ደረሰን።

«እኔ ብተወው ሌላ ይሠራዋል» የሚል ይኖራል። ወንድሜ ሆይ፤ ጎረቤትህ ሊሰርቅ ነው ብለህ አንተ ቀድመህ ትሰርቃለህን? ጲላጦስም እጁን ታጠበ፤ ውኃው ግን ከፍርዱ አላነጻውም። መተው እንደሚቻል ደግሞ ዮሴፍ ሮትብላት አሳይቷል። ይህ የፖላንድ ተወላጅ የሆነ የፊዚክስ ሊቅ በአሜሪካ በአቶም ቦምብ ሥራ ላይ ሳለ፥ ጀርመን ቦምቡን እንደማትሠራ ባወቀ ጊዜ፥ የገባበት ምክንያት አልቋልና በ1944 መጨረሻ ሥራውን ትቶ ሄደ። ቦምቡ ያለ እርሱም ተፈጽሞ በ1945 በሂሮሺማ ላይ ወደቀ፤ እርሱ ግን ቀሪ ዘመኑን ይህን መሣሪያ ለማስወገድ ደከመ፥ በ1995ም የሰላም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጥፋቱን ባያስቀርም የገዛ እጁን አስቀርቷል፤ የሌላውን እጅ ለመመለስም በድፍረት ሊናገር ቻለ።

ተማሪ ሆይ፤ ዛሬ ጥበብ በጋፋት እሳት ብቻ አትቀልጥም። ሰው የሌለበት አውሮፕላን ይገድላል፤ ኮምፒዩተርም ለመሣሪያ ዒላማ ይመርጣል። ስለዚህ ሥራውን ሳትጀምር ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ይህ ነገር ለምን ተፈለገ? በማን እጅ ይገባል? ክፉ ቢሆን ልመልሰው እችላለሁን? መልሱን ካገኘህ በኋላ ደመወዙንና ክብሩን አስብ። ብረት ማረሻም ሰይፍም ይሆናል፤ ብረቱ አይጠየቅም፥ አንጥረኛው ግን ይጠየቃል።