የመጋቢት ተባይ

ልጄ፣ መቂ ላይ መሬት ተከራይቼ ቲማቲም ተከልኩ ስትለኝ ደስ አለኝ። በጥር መትከልህን ስሰማ ግን ሰጋሁ። ፍሬው በመጋቢት ሲይዝልህ፣ በልጉ ከዘገየ ቀይ ሸረሪት ይደርስብሃል።

አበባ እርሻ የሠሩት «ማይት» ይሉታል። ከቅጠሉ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ዓይን የማይሞላ ነጥብ ነው። ጉልበቱ ሙቀት ነው። 15 ዲግሪ አካባቢ ከእንቁላል እስከ እናትነት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ 30 ሲገባ ግን አንድ ሳምንት ይበቃዋል። አንዷ እናት በዕድሜዋ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ አንተው አስላው። «ባለፈው ሳምንት እኮ ምንም አልነበረም» የሚል ገበሬ ብዙ ሰምቻለሁ። ነበረ፤ ቅጠሉን የገለበጠ ሰው ነው የጠፋው።

ከባድ ዝናብ ያጥበዋል፤ እርጥበት ሲሰነብት ደግሞ ሻጋታ ይይዘውና ይገድለዋል። ክረምት ላይ «የእኔ መድኃኒት ድራሹን አጠፋው» ብሎ የሚፎክር ካጋጠመህ አትከራከረው፤ ዝናቡን አመስግንለት። ንፋስ ግን በድሩ አንጠልጥሎ ከማሳ ማሳ ያሻግረዋል፤ አቧራም ይመቸዋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከኮረኮንቹ ዳር የሚጀምረው።

እኔ አንድ ደረቅ ዓመት ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አየሁና ከሱቅ የተሰጠኝን የትል መድኃኒት ረጨሁ። ቀይ ሸረሪቱን የሚበሉትን ጥቃቅን አዳኞች ፈጀኋቸው፤ እሱን ግን አልነካውም። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ የነሐስ መልክ ያዘ፣ ጫፍ ጫፉ ድር ለበሰ። ከዚያ ማሳ የለቀምኩት የሳጥን ኪራይ እንኳ አልሸፈነም።

ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ ቀኑ ሲግል በሳምንት ሁለቴ ማሳህ ውስጥ ግባ። የታች ቅጠሎችን ገልብጥ፤ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፋቸው። የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካየህ እሱ ነው። ተክሉን ውኃ አታስጠማው፤ የተጠማ ተክል ቶሎ ይሸነፍለታል። መርጨት ግድ ከሆነም ለማይት የተሠራውን ለይተህ ግዛ፤ አንዱን ዓይነት ደጋግመህ አትርጭ፣ ይለምደዋል።

እሑድ ስትመጣ ከመንገዱ ዳር ካለው መስመር አምስት የታች ቅጠል በፌስታል ቋጥረህ አምጣልኝ። አጉሊ መነፅሬን አዘጋጅቼ እጠብቅሃለሁ።