ግቡን ማን ሰጠው?

በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ከዳርቻቸው ሞልተው ሲፈሱ የፎገራ ሜዳ ባሕር ይመስላል። ውኃው ጎድሎ ሩዙ ሲታጨድ ደግሞ የወረታ አካባቢ ገበሬ ከራሱ ጋር ይመካከራል። በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዝራ ወይስ ጓያ? መሬቱን ያያል፤ የሚመጣውን ይገምታል፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝኖ ይወስናል።

ዛሬ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። አሠራራቸውም ባጭሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ግብ ይሰጣቸዋል። በሚደርሳቸው መረጃ አማካይነት ሁኔታውን ይመለከታሉ። ከዚያም እያንዳንዱ እርምጃ ምን ሊያስከትል እንደሚችልና ለግቡ ምን ያህል እንደሚጠቅም አስልተው ከሁሉ የሚበልጠውን ይመርጣሉ። ውጤቱን አይተውም እንደገና ያሰላሉ፤ በየእርምጃው ሰው መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። ስቱዋርት ራስልና ፒተር ኖርቪግ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ታዋቂ የማስተማሪያ መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም «ምክንያታዊ» ብለውታል።

እኛ ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ምክንያታዊ ውሳኔ ሁሉ መልካም ውሳኔ ነውን?

ፕሮግራሙን «ከሩዝ በኋላ በትንሽ ወጪ አስተማማኝ ምርት የሚሰጠውን ሰብል ምረጥ» ብለን አዘዝነው እንበል። ጓያን ቢመርጥ አያስደንቅም። ጓያ ውኃ የተኛበትን መሬትም ድርቅንም ይችላል፤ ብዙ ልፋትም አይጠይቅም። ስሌቱ እንከን የለበትም። ይሁን እንጂ ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ከዚህም በሽታ መዳን የለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ በደምቢያና በፎገራ ከቤት ወደ ቤት በተደረገ ምርመራ ከ1000 ሰው በአማካይ 6ቱ በዚህ በሽታ ተይዘው መገኘታቸውን ገልጸዋል።

ታዲያ ፕሮግራሙ በደለን? የለም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። በትእዛዙ ውስጥ ያልተጻፈው የበላተኛው እግር ነው።

እዚህ ላይ በማሽኑ ብቻ እንዳንፈርድ መጠንቀቅ ይገባናል። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመንም ሰው በችግር ተገዶ ይህንኑ ጓያ በልቷል። ልዩነቱ ሌላ ነው። ገበሬው የመረጠውን ከልጆቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀምሰዋል፤ ስለ ልጁ ሕመም ያዝናል፤ ለከርሞው ሐሳቡን ይለውጣል። ፕሮግራሙ ግን አይራብም፤ አይጸጸትምም። ስለዚህ የሚጠየቀው ግቡን የሰጠውና ውጤቱን ሳይመረምር የተቀበለው ሰው ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በጣሊያን አገር በተካሄደው የቡድን 7 አገሮች ስብሰባ ላይ ይህንኑ ልዩነት አስገንዝበዋል። ማሽን ከቀረቡለት አማራጮች መካከል በስሌት ይመርጣል፤ በልቡ መዝኖ የሚወስነው ግን ሰው ነው ማለታቸው ነበር። ስቱዋርት ራስልም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መጽሐፍ፣ ማሽን የተሰጠውን ግብ ፍጹም አድርጎ ከመያዝ ይልቅ የሰውን ፈቃድ በሙሉ እንደማያውቅ ተረድቶ እንዲጠይቅ ሆኖ መሠራት እንዳለበት አመልክቷል። «አላውቅምና ልጠይቅ» ማለት ለማሽን እንኳ ካስፈለገ፣ ለአዛዡማ እንዴት አብልጦ አያስፈልገው!

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ወጣቶቻችን በእጃቸው የያዙት ስልክ ምክር በሰጣቸው ጊዜ ሁለት ነገር እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ይህን ግብ ማን ሰጠው? ሲሰጠውስ ማን ተረሳ? የተረሳው ብዙ ጊዜ ድሃው ነውና፣ እርሱን አስታውሶ ወደ ስሌቱ ማስገባት የእኛ ድርሻ ነው።