እሺታ የሚከብረው እንቢታ ሲቻል ነው

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ታላላቅ ሀብታት አንዱ ነጻ ፈቃድ መሆኑን አበው ሳያቋርጡ አስተምረዋል። ፈጣሪ ሰውን ሲፈጥረው ለመታዘዝም ላለመታዘዝም እንዲችል አድርጎ ነውና፤ እንቢ ማለት ከማይችል ሰው የሚገኝ እሺታ ዋጋ የለውም። ይህን ትምህርት ሁላችን በቃል እናውቀዋለን። ነገር ግን በዕለት ኑሯችን፥ ያውም በደስታችን ሰዓት፥ እንዴት እንደምንዘነጋው ያስገነዘበን ትንሽ የሚመስል አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ወር ስለ እርሱ ልንነጋገር ወደድን።

ጥያቄውን ያመጣልን በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፥ ዛሬ በአዲስ አበባ በሥራ ላይ የሚገኝ አንድ ወጣት ነው። ሊያገባት የሚወዳት ልጅ በይፋት ቆላ፥ በጀውሃ፥ በመምህርነት ታገለግላለች። ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው አገሩን ያውቀዋል፤ ጣርማ በርን አልፎ፥ በደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ፥ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ የጀውሃን ወንዝና በስሙ የምትጠራውን ትንሽ ከተማ ያገኛል። በስተ ምዕራብ የመንዝ ተራሮች ይታያሉ፤ በስተ ምሥራቅ ሜዳው ወደ አዋሽ ያዘቀዝቃል። ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው።

ወጣቱ ያሰበውን እንዲህ ሲል አስረዳን። በአንድ ቅዳሜ ማታ ልጅቱን «በወንዙ ዳር እንንሸራሸር» ብሎ ይወስዳታል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጓደኞቹ፥ አብረዋት የሚያስተምሩ መምህራን፥ እናቷም ጭምር፥ እርሷ ምንም ሳትሰማ ተጠርተው ከዛፎቹ ኋላ ይሸሸጋሉ። ፀሐይ ወደ መንዝ ተራሮች ስታዘነብል እርሱ ተንበርክኮ ቀለበቱን ያወጣል፤ የተሸሸጉት በእልልታና በርችት ይወጣሉ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ሁሉን ይቀርጻል። የዛሬ ወጣቶች ይህን «ሰርፕራይዝ» ይሉታል፤ በአዲስ አበባ መናፈሻዎችና ምግብ ቤቶች እየተለመደ መጥቷል። በአሜሪካ አገርማ በኳስ ሜዳ፥ በሺህ የሚቈጠር ተመልካች እያየ፥ በትልቅ የምስል ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ይደረጋል።

ልጃችን የጠየቀን ሁለት ነገር ነበር። «አባታችን፥ በሰው ፊት መንበርከክ ኀጢአት ይሆንብኛልን? ካህን ሳይጸልይበት ቀለበት መስጠትስ ይፈቀዳልን?» አለን። መልሱ ሩቅ አይደለም። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ የአክብሮት ስግደት ግን ከእርሱ የተለየ ነው። አባታችን አብርሃም ለሣራ የመቃብር ቦታ ሲገዛ በኬጢ ልጆች ፊት መስገዱን ኦሪት ዘፍጥረት በ23ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። ቀለበትም በሥርዐተ ተክሊል የሚባረክ ነው፤ አስቀድሞ ቢሰጥ የቃል ምልክት ይሆናል እንጂ ጋብቻ አይሆንም። የዋጋው ነገር ግን እንዳያስጨንቀው መከርነው፤ የአልማዝ ቀለበት የፍቅር መለኪያ መስሎ በዓለም የተስፋፋው ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ በ20ኛው መቶ ዓመት ባካሄደው ማስታወቂያ ብርታት ነውና።

ከዚህ በኋላ እርሱ ያልጠየቀንን ሦስተኛ ነገር እኛ ጠየቅነው። «ልጄ፥ እንቢ ብትልህስ? ወይም ጊዜ ስጠኝ ብትልህስ?» አልነው። ፈገግ ብሎ «አትልም» አለ። «መልሱን ካወቅኸው የምታቀርበው ነገር ጥያቄ አይደለም፤ ካላወቅኸው ደግሞ መልሱ ሳይሰማ ስለ ምን ይህን ሁሉ ምስክር ሰበሰብህ?» ብንለው ዝም አለ።

ይህን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅት እያለቀሰች ወደ እኛ መጥታ ነበር። በሥራ ባልደረቦቿ ፊት በድንገት ተጠይቃ «እሺ» ብላለች። «አባቴ፥ በዚያች ሰዓት ስለ ትዳር አላሰብሁም፤ የተንበረከከውን ሰው በሰው ፊት እንዴት አዋርደዋለሁ ብዬ ነው። ሁሉ ስልኩን አንሥቶ አፌን አፌን ያይ ነበር» አለችን። እሺታዋ የርኅራኄ ነበር፤ የፈቃድ አልነበረም። ያን ቃል ለመመለስ ወራት ፈጀባት፤ ምስሉን ያየ ሁሉ ቃለ አባይ አላት። ሰውየውም ክፉ አልነበረም፤ እርሱም ተጎዳ። ለብቻዋ ጠይቋት ቢሆን ኖሮ በሁለቱ መካከል በሚቀር ኀዘን ያልፍ የነበረው ነገር የሁለት ቤተ ሰብ ቂም ሆነ።

አባቶቻችን ከቤት ውጭ፥ በድንገት መጠየቅን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። በጥምቀት በዓል፥ ታቦታቱ ሲወርዱና ሲመለሱ፥ ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረቷን በሎሚ መምታቱ በሀገራችን የታወቀ ልማድ ነው። ከበዓሉ ክብር ጋር መስማማት አለመስማማቱን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና በውስጡ ያለውን ማስተዋል እንመልከት። ሎሚው በብዙ ሕዝብ መካከል ይወረወራል፤ ምሥጢሩ ግን የሁለቱ ነው። ከወደደችው ታነሣዋለች፤ ካልወደደችው እንዳላየች ሆና ታልፋለች። ሎሚው በመሬት ይቀራል እንጂ የማንም ክብር ከእርሱ ጋር አይወድቅም።

ሽማግሌ የመላክ ሥርዐትም የራሱ ጥበብ አለው። ሽማግሎቹ ሄደው ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። የልጅቱ አባት ግን በዚያው ቀን አይቈርጥም፤ «ከዘመድ ልምከርበት» ብሎ ቀን ይቀጥራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜም ያመላልሳቸዋል። ይህ መመላለስ ከንቱ ኩራት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ዳሩ ግን ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ ነው። እንቢታ ቢኖር እንኳ «ልጅቱ ገና ናት» በሚል ጨዋ ቃል ተሸፍኖ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን ልንሸሽገው አይገባንም። የሚጠየቀው አባት ነበር፤ ልጅቱ ብዙ ጊዜ አልተጠየቀችም። ከእናቶቻችን መካከል የባላቸውን ፊት በሠርጋቸው ቀን ያዩ ብዙዎች ናቸው። እኛ ካህናትም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። ሽማግሌ ሆነን ተልከን መስቀላችንን በእጃችን ይዘን «ይህን መስቀል አታሳፍሩ» ያልንበት ጊዜ የለምን? በዚያች ሰዓት የበረከቱን መስቀል የማስገደጃ ዕቃ እንዳደረግነው አስተውለን ነበርን? በወንዙ ዳር ስልክ አንሥቶ የሚጠብቀው ጓደኛና በሳሎኑ መስቀል ይዞ የሚጠብቀው ካህን፥ ልብሳቸው ቢለያይም፥ የሚያደርጉት አንድ ነው፤ በሚመልሰው ሰው ላይ ኀፍረትን ይጭናሉ።

እንግዲህ አዲሱን ልማድ በአዲስነቱ ብቻ ልናወግዘው አንችልም፤ ልጅቱን ራሷን ይጠይቃልና አሮጌው ያጎደለውን አሟልቷል። ነገር ግን አሮጌው የነበረውን መልካም ነገር፥ ጊዜንና መሸፈኛን፥ ጥሏል።

የፈቃድን ነገር ሕግም ያከብረዋል። ፍትሐ ነገሥታችን ለጋብቻ የሁለቱን ፈቃድ ይሻል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠለፋን ይቀጣል፤ ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም። በአበባና በእልልታ የሚጠይቀውን ወጣት ከጠላፊ ጋር አናስተካክለውም፤ እንዲህ ማለት ግፍ ነው። ሆኖም ሕጉ የማይደርስበት፥ በኅሊና ብቻ የሚመረመር ስፍራ አለ። ሥጋን ሳይነኩ ፈቃድን መክበብ ይቻላል፤ በዚያ ስፍራ ዳኛው እግዚአብሔር ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ብንመረምር የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ያገኛት ከከተማ ውጭ፥ በውኃ ጕድጓድ አጠገብ፥ በምሽት ጊዜ ነበር፤ በዚያም የወርቅ ቀለበትና አምባር ሰጥቷታል። ነገር ግን ጉዳዩን በቤተ ሰቧ ፊት ገልጦ ተናገረ፤ ቤተ ሰቧም፥ ነገሩን ከተስማሙበት በኋላ እንኳ፥ በማግሥቱ እርሷን ጠርተው ትሄድ እንደ ሆነ ከራሷ አፍ ሰሙ። ከዚህም የሚበልጥ ምስክር አለን። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ወደ እመቤታችን በመጣ ጊዜ ድንገተኛ ነበር፤ እርሷም ደነገጠች። ነገር ግን ሕዝብ ሰብስቦ አልመጣም፤ ለብቻዋ ሳለች ተናገራት እንጂ። አይዞሽ አላት፤ ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ስትጠይቅ ታግሦ መለሰላት፤ ፈቃዷን በቃሏ እስክትገልጥ ድረስም ከእርሷ አልሄደም። የሰማይና የምድር ጌታ ከፍጥረቱ ፈቃድን እንዲህ በአክብሮት ከጠበቀ፥ ሰው ከሰው ዘንድ መልስን ለመቀማት ምን ሥልጣን አለው?

«እንግዲያስ ሰርፕራይዝ ሁሉ ክፉ ነውን?» የሚል ቢኖር፥ አይደለም እንላለን። ያልታሰበ ደስታ መልካም ስጦታ ነው፤ እረኞች የልደቱን ብሥራት የሰሙት ሳያስቡት ነው። ነገር ግን ብሥራት ሌላ፥ ጥያቄ ሌላ ነው። ጥያቄውን ለብቻዋ በጸጥታ አቅርቦ፥ ፈቃዷን ከሰማ በኋላ፥ ለደስታው ድንገተኛ ግብዣ ቢያዘጋጅላት ማን ይነቅፈዋል?

ለዚህ ወጣት ደግሞ ሌላ የምንለው ነበረን። ይፋት በቅርብ ዓመታት ብዙ ኀዘን ያየ አገር ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ ሰው ሞቷል፥ ቤት ተቃጥሏል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ዘልቆ ነበር። «በዚያ አገር፥ በማታ፥ ከዛፍ ኋላ በድንገት የሚወጣ ሰውና የርችት ድምፅ ምን እንደሚያስታውስ አስበሃልን? ልጅቱስ በእነዚያ ወራት የት ነበረች?» አልነው። ብዙ ዝም ብሎ «አልጠየቅኋትም» አለ። ሊያገባት የሚሻ ሰው ከቀለበቱ በፊት ሊጠይቃት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር።

ልጃችን ምክሩን ተቀበለ። ጓደኞቹን አስቀርቶ ብቻውን ወረደ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቷ ሲሸኛት በመንገድ ላይ፥ ቀለበቱን ሳያወጣ፥ በጥቂት ቃል ጠየቃት። አስቀድሞ ግን በእነዚያ ወራት የት እንደ ነበረች ጠይቋት ነግራዋለች፤ የነገረችውን ለእኛ አልገለጠም፥ እኛም አልጠየቅነውም። ለጥያቄው የሰጠችው መልስ «ጾመ ፍልሰታ እስኪፈጸም ታገሠኝ» የሚል ነው። ተጨንቆ ወደ እኛ ቢመጣ «መጠበቅህም የጥያቄው ክፍል ነው» አልነው። ይህን በምንጽፍበት ጊዜ መልሱ ገና አልመጣም፤ ቀለበቱ በእጁ ነው፥ እርሱም ይጾማል።

ስለዚህ እናንተ ወጣቶች፥ ስትጠይቁ የእንቢታን በር ክፍት ትታችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ክፍት በር በኩል የምትመጣው እሺታ የእናንተ ናት። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ጊዜ ስጧት። እኛም ካህናት መስቀላችንን ለመባረክ ብቻ እናንሣ። ፈቃዳችንን ሳይሰብር በልባችን ደጅ ቆሞ የሚያንኳኳ አምላክ ትዳራችንን ሁሉ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።