የመንገደኛ ጸጥታ

ጸጥ ያለ አገር አይቶ የተመለሰ መንገደኛ «በዚያ ዕረፍት አለ» ብሎ ያወራል፤ ዕረፍቱ የማን እንደ ሆነ ግን አይመረምርም።

በመካከለኛው አሜሪካ፥ በኮስታ ሪካ፥ ኦሮሲ የምትባል ትንሽ ከተማ በተራሮች መካከል በሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። የፍራንሲስካን መነኮሳት በፈረንጅ ቍጥር በ1743 ዓ.ም. መሥራት የጀመሯት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይጸለይባታል። በዚያው ሸለቆ የነበረችው ኡሃራስ ግን ጐርፍና በሽታ ስለ በዛባት በ1833 ዓ.ም. ሕዝቧ ለቋት ሄደ፤ የቤተ ክርስቲያኗ ፍርስራሽ ብቻ ቀረ። መንገደኛው ሁለቱንም ጸጥታ በአንድ ቃል ያመሰግናል። ሆኖም የአንዲቱ ጸጥታ የኗሪዎቿ ሰላም ነው፤ የሁለተኛይቱ የስደት ዝምታ ነው።

ደግሞ በተራራው ወገብ የተተከለው ቡና፥ የዘሩ ጥንት ከኢትዮጵያ የሆነው፥ ከሩቅ ሲያዩት ዝም ያለ ልምላሜ ነው። ቀርቦ ላየው ግን ፍሬው በእጅ ይለቀማል፤ በዚያች አገር ከለቃሚዎቹም ብዙዎቹ ከኒካራጓ ለእንጀራ የተሰደዱ ናቸው። እነርሱም መንገደኞች ናቸው፤ ነገር ግን ሸለቆውን ጐንበስ ብለው ያዩታል።

እንግዲህ በጸጥታ ደስ መሰኘት አይነቀፍም። ነገር ግን የሌላውን ድካም የራሱ ዕረፍት አድርጎ የሚቈጥር እንግዳ፥ አገር አየ እንጂ ሰው አላየም።