ውግዘት በር ይተዋል፤ ሰይፍ ግን በር ይዘጋል

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖትን ነገር መርምራ የመፍረድ ሥልጣን ከጌታዋ ተቀብላለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ተሰብስበው አርዮስን በመጻሕፍት ቃል ረቱት፤ ከክሕደቱ አልመለስም ባለ ጊዜም አውግዘው ለዩት። ንጉሡም ወደ ግዞት ሰደደው። የአባቶች ፍርድ እስከ ውግዘት ደረሰ እንጂ እስከ ደም አልደረሰም።

ከስድሳ ዓመት በኋላ ግን በምዕራብ አገር ሌላ ነገር ተደረገ። በእስፓንያ የአቪላ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ጵሪስኪልያኖስ በኑፋቄ በተከሰሰ ጊዜ የኤጲስ ቆጶሳቱን ፍርድ ሽሽቶ ወደ ንጉሡ ወደ መክሲሞስ ይግባኝ አለ፤ ከሳሾቹም እነኢታክዮስ እስከ ትሪየር ከተማ ተከተሉት። የቱር ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ማርቲኖስ ከቤተ ክርስቲያን መለየታቸው ይበቃል፤ ደም አይፍሰስ ብሎ ንጉሡን ለመነ፤ ንጉሡም ተስፋ ሰጠው። ማርቲኖስ ከከተማው በወጣ ጊዜ ግን ተስፋው ፈረሰ፤ በ385 ዓ.ም. ጵሪስኪልያኖስ በአስማት ወንጀል ተፈርዶበት ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር በሰይፍ ተገደለ። ከሟቾቹም አንዲቱ ኤውክሮትያ የምትባል ሴት ነበረች።

ኑፋቄው በዚህ ጠፋን? አልጠፋም። ሬሳው ወደ አገሩ ተመልሶ እንደ ሰማዕት ተከበረ፤ በ561 ዓ.ም. የብራጋ ጉባኤ ያንኑ ትምህርት እንደ ገና ለማውገዝ ተገደደ። ማርቲኖስም የቀሩትን ከሞት ለማዳን ሲል አንድ ቀን ከከሳሾቹ ጋር በቍርባን ቢተባበር፣ በዚያ አዝኖ ኖረ፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ኤጲስ ቆጶሳት ጉባኤ አልሄደም። የተከፈተው መንገድ ግን አልተዘጋም፤ በ1252 ዓ.ም. የሮማው ጳጳስ ኢኖከንጢዮስ 4ኛ በኑፋቄ የተከሰሱ ሰዎች በሥቃይ እንዲመረመሩ ፈቀደ።

ምናልባት፣ ተኵላ ከበጎች መካከል ሲገባ እረኛ ዝም ይበልን? የሚል ይኖራል። ዝም አይበል፤ በትር አለውና። በትሩም ትምህርትና ተግሣጽ ነው፤ የመጨረሻውም ውግዘት ነው። የተወገዘ ሰው በሕይወት ሳለ ንስሐ ሊገባ ይችላል፤ የተገደለ ግን የመመለሻ ጊዜው ተወስዶበታል። ጌታችን ስለ እንክርዳዱ ባስተማረው ምሳሌ አገልጋዮቹን እስከ መከር እንዲታገሡ ያዘዘው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነው።

ይህን በሌላው ላይ ብቻ አንናገረው። በአገራችንም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው በጉባኤ ተፈርዶባቸው ብርቱ መከራ ተቀበሉ። ዛሬ ግን ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዶ በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ የጸሎት ቤት ነው። እነዚያ ሁሉ ፈጽመው ጠፍተው ቢሆን፣ ይህ በረከት ከወዴት ይገኝ ነበር?

ወንድሞቼ ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ ዛሬ በእጃችን ሰይፍ የለም፤ ምላስ ግን አለ። ባልንጀራውን ሳይጠይቅና ሳያስረዳ በአደባባይ መናፍቅ ብሎ የሚጠራ ሰው፣ የኢታክዮስን ሥራ በሌላ መሣሪያ ይሠራል። ስለዚህ የተጠረጠረውን አስቀድመን ለብቻው እንጠይቀው፤ ቀጥለን ከመጻሕፍት እናስረዳው፤ እንቢ ቢልም ፍርዱን ለአባቶች እንተው። የመመለሻውን በር ግን ማንም አይዝጋበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።